የዘነበች የቀድሞ ስም

ሺሺንዳ አጠገብ፣ የካቲት 16 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለዶክተር ሙሉብርሃን
አዲስ አበባ

ብዕሩን የያዘው የትምህርት ቤታችን መምህር ኢዮሲያስ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የገሠሠ ነው። ኢዮሲያስ የሸዋ ልጅ ስለሆነ ነገር ማሳመር ይወዳል። አሳምረህ ከጻፍክ ማሬን አትቀምስም ብዬዋለሁ። ስለዚህ ደረቅ ቃል ካገኘሽ የእኔ ነው፤ ለስላሳ ካገኘሽ ከእሱ የሾለከ ነው። ደግሞ "ዶክተርን አንቺ ማለት ነውር ነው" ይለኛል። ያን ቀን በድንገተኛ ክፍል እጄን ይዘሽ "አይዞዎት አባቴ" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አባት ልጁን እርስዎ አይልም። አንቺ ብለህ ጻፍ አልኩት፤ ጻፈ።

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዛፍ አልወጣም ስላለኝ ቀፎዬን ሰው ነው የሚሰቅልልኝ። ከዚያ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደረሰኝ ከምል ወደቀብኝ ብል ይሻላል። የሚኒባሱ ሾፌር እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰጠኝ። መምህሩ "ቤት ሄደን ላንብበው?" አለ። እዚሁ ይነበብ አልኩ። ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ሰው ቢሰማ ምን ይከፋኛል! "በልጅ ልጅዎ ሞት የተሰማኝን ጥልቅ ኀዘን" የሚለው ጋ ሲደርስ ሴቶቹ እዬዬ አሉ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዞር ብዬ ባይ ሟቿ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ሸንኮራ አገዳ ትመጠምጣለች።

ሙሉብርሃን፣ ማን ነው የሞተው? ለምን ገደልሽብኝ?

ቁጭ ብለን ነገሩን መረመርነው። ይኸውልሽ። በአባቴ ቤት ሥርዓት አለ። ልጅ ሞት ደጃፍ ድረስ ሄዶ ከተመለሰ በቀድሞ ስሙ አይጠራም። ሞት በዚያ ስም መጥቶ ነበርና ስሙን ያውቀዋል። ስለዚህ ልጁ አዲስ ስም ይወጣለታል፤ የድሮውን የሚያነሳ የለም፤ እናቱም ብትሆን። እኛ ደግሞ ኅዳር ላይ ከሆስፒታሉ በወጣን ቀን ቦንጋ መናኸሪያ ዝናብ ያዘን። ዘነበች አልኳት። ብዙ አልተጨነቅኩም።

ጥር ላይ የእናንተ ሰው በሞተር መጣ። ያን ስም ጠርቶ "የት ናት?" አለ። "በዚህ ስም የምትጠራ ልጅ እዚህ ቤት የለችም" አልኩት። እውነቴን ነው። እናቷ አስካለማርያም ስሙን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ እያለቀሰች ጓዳ ገባች። በዚያ ላይ ጥቁር ለብሳለች። እህቴ ዓባይነሽ ሞታብኝ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። ሰውየው ጥቁሩን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለ። እኔ ለእህቴ መስሎኝ አሜን አልኩ። ንፍሮም በልቶ ነው የሄደው። ውሃ ያቀበለችው ዘነበች ናት። ከሟች እጅ ጠጥቶ ሄዶ ሞታለች ብሎ ጻፈ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። "ከቤት ከገባች በኋላ ትንፋሽ ያጥራት ነበር ወይ?" ብለሻል። ዶሮ ስታባርር ያጥራታል። "የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር?" ብለሻል። ዛሬ ጠዋት "አያቴ ገብጋባ ነህ" አለችኝ። የመጨረሻዋ እንዳይመስልሽ።

"ዕጣ ውስጥ ባላስገባናት ኖሮ" ብለሽ የጻፍሽው ግን አስቆጥቶኛል። ዕጣውን የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላታለለኝም። ያን ቀን ደረቷ እንደ ወናፍ ይወጣል ይወርዳል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። "አባቴ፣ የሳንባ ምች ነው። ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት ኦክስጅን የምንሰጥበት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተለመደው ነው። በሌላው የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የትኛው እንደሚሻል አናውቅም፤ ለማወቅ እያጠናን ነው። የሚለየው ዕጣ ነው። ካልፈለጉ የተለመደውን አሁኑኑ እንሰጣታለን" አልሽኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም ያን ቀን ገና አየሁ። እኛም የጫካ ዛፍ ለቀፎ ስንካፈል ዕጣ ነው የምንጥለው፤ ዕጣ ለእኔ አዲስ አይደለም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ። የዕጣው ፖስታ ሲከፈት ጠርሙሱ ደረሳት። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ባለ ቁጥር አለች፣ አለች እል ነበር።

እንግዲህ ሞታለች ያልሽበትን ወረቀት ሰርዢ። አንቺም አልቅሰሽ ከሆነ እንባሽን ለሌላ ጊዜ አስቀምጪው።

ገሠሠ፣ የአውራ ጣቱ ምልክት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ገሠሠ

ደብዳቤዎን ቢሮዬ ውስጥ ቆሜ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። "ዶሮ ስታባርር ያጥራታል" የሚለው ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ለቅሶዬን ሰምተው፣ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ሰው ተነሳልኝ አልኳቸው።

በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስላስደነገጥኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው። የላክነው ሰው ልጅቱን አሳዩኝ ማለት ሲገባው ድንኳን አይቶ ተመለሰ። የእህትዎን የወይዘሮ ዓባይነሽን ነፍስ ይማር፤ ይህንም ሳላውቅ ቀርቼ ነው።

አሁን የምጠይቅዎት ነገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ዘነበች ሞታለች ተብሎ ሲጻፍ፣ በጠርሙሱ መንገድ ኦክስጅን ካገኙት ልጆች የሞቱት ቁጥር በደንባችን ከተወሰነው አለፈ። እንዲህ ሲሆን የልጆቹን ደህንነት የሚከታተል ኮሚቴ ጥናቱን ያስቆማል፤ አስቆመም። ትክክል ናቸው፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አስቆም ነበር። አሁን ግን የእኔ ቃልም ሆነ የእርስዎ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። የኮሚቴው ሰው ቦንጋ ሆስፒታል ድረስ ትመጣለች። እርስዎ ልጅቱን ይዘው ይቀርባሉ፤ በመዝገብ ያለው ስም በፊትዎ ይጠራል፤ ፈራሚው እርስዎ ስለሆኑ እሷ መሆኗን አረጋግጠው እንደገና ይፈርማሉ። እኔ የጥናቱ ባለቤት ስለሆንኩ እዚያ መገኘት አልችልም።

ያንን ስም እዚህ አልጻፍኩትም። ያለ እሱ የሚሆንበትን መንገድ ጠይቄ ነበር፤ አልተቻለም።

ዘነበችን ሳሙልኝ።

ሙሉብርሃን


ሺሺንዳ አጠገብ፣ መጋቢት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለዶክተር ሙሉብርሃን

የብዕሩ እጅ ያው የመምህሩ ነው። ዛሬ አኩርፎ ነው የሚጽፈው፤ በቃሌ አልተስማማም። የጸሐፊ ሥራ መስማማት አይደለም ብዬዋለሁ።

አልመጣም።

ለእህቴ ስላልሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቀረው ግን አልመጣም። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ፈሪ ነው እንዳትይኝ። ታናሽ ወንድሜ ጥሩሰው ሕፃን ሆኖ እንደ ዘነበች ከሞት ተመልሶ ስሙ ተለወጠ። ጎልማሳ ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ ሺሺንዳ ገበያ ላይ አንድ የጥንት ጎረቤት በድሮ ስሙ ጠራው። እሱም ረስቶ አቤት አለ። በዚያው ክረምት ሞተ። መምህሩ "ወባ ነው" ይላል። ወባ ይሆናል። ያን ሁሉ ገበያተኛ ትቶ እሱን የመረጠው ለምንድን ነው? ይህን ስጠይቀው መምህሩ ጆሮውን ያክካል። አሁንም እያከከ ነው።

አንቺ የማላውቀውን በዕጣ እለያለሁ ብለሽ ልጅ ስታክሚ አልሳቅሁብሽም። እኔም በማላውቀው ነገር ብጠነቀቅ አትሳቂብኝ። አስካለማርያም ደግሞ ደብዳቤሽ ሲነበብ ሰምታ "ልጄን በዚያ ስም የሚያስጠራ በእኔ ሬሳ ላይ ይለፍ" ብላለች። የሌላ ልጅ እናት አይደለችም፤ ያለቻት አንዲት ናት። የልጅቱ አባት ቢታ ገነት ቡና መፈልፈያ ነው የሚሠራው፤ እሱም ሰምቶ "አባባ ያውቃል" ብሎ ልኳል። ሁሉም እኔ ላይ ጥለውታል።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፤ ሁለቱንም ሳታባብዪኝ መልሺ። ባልመጣስ ምን ይሆናል? ሌላው፣ ዘነበችን ያዳናት ጠርሙሱ ነው ወይ? ነው በይኝ። ነው ካልሽኝ ውለታ ነውና እናቷንም ረግጬ እመጣለሁ።

መምህሩ አሁን ተስማማ። "ነው ማለቷ አይቀርም" ይላል።

ገሠሠ፣ የአውራ ጣቱ ምልክት


ሺሺንዳ አጠገብ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለዶክተር ሙሉብርሃን

እንኳን ለትንሣኤ አደረሰሽ። በዓሉን አልፌ የምጽፍልሽ ተቆጥቼ ስለነበር ነው። ብዕሩ የመምህሩ ነው፤ እሱ ያልተቆጣ ብቸኛው ሰው ነው።

"ጠርሙሱ ያድናት፣ መድኃኒቱ ያድናት፣ ሁለቱም ያድኗት አላውቅም፤ ነው ብልዎት እዋሽዎታለሁ" ብለሽ ጻፍሽ። ሰውዬው በሩን ከፍቶልሽ እያለ ግድግዳ ትገጫለሽ? አንዲት ቃል እኮ ነው የለመንኩሽ! መምህሩ ያን ደብዳቤ ሲያነብ እንደገና አንብብ አልኩት። እንደገናም አላውቅም ነው የሚለው።

ከዚያ ማር ለመሸጥ ቦንጋ ወረድኩ። ገበያው ሲበተን እግሬ ሳልጠይቀው ወደ ሆስፒታሉ ወሰደኝ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ "አባባ ታመዋል?" አለኝ። እግሬን ጠይቀው አልኩት። ያን ቀን የነበረችው ነርስ አወቀችኝ፤ አስገባችኝ። ጠርሙሱ ጥግ ላይ በአፉ ተደፍቷል። ደርቋል። "ቆሟል እኮ ጋሼ፣ እስኪወሰን አንነካውም" አለችኝ። ባልመጣ ምን እንደሚሆን ጽፈሽልኝ ነበር፤ ጥናቱ ይዘጋል፣ የተሰበሰበው ሁሉ ሳይታወቅ ይቀራል ብለሽ። በወረቀት ሲነበብ እና ተደፍቶ ሲታይ አንድ አይደለም።

አልጋው ላይ የቢታ ገነት ሴት ሕፃን ይዛለች። የልጁ ደረት ልክ እንደዚያን ጊዜው ወናፍ ነው። የተለመደውን ኦክስጅን ነው የሰጡት። ጠርሙሱ ቢኖር እያልኩ ነርሷን በዓይኔ ገላመጥኳት። በማግስቱ ወደ አገሬ ከመሳፈሬ በፊት ተመልሼ ብሄድ ልጁ ጡት እየጠባ ነው። እናቱ ስታየኝ ሳቀች።

እሰይ አልኩ። ከዚያ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ተናደድኩ። ያለ ጠርሙሱም ይዳናል ማለት ነው? ወይስ ያ ልጅ ሕመሙ ቀለል ያለ ነበር? ወይስ ዘነበች በማንኛውም ትድን ነበር? ሺሺንዳ እስክደርስ አሰብኩ። አላውቅም። እኔ ገሠሠ፣ ጭስ አይቼ ንብ መቆጣት አለመቆጣቷን የማውቅ ሰው፣ አላውቅም። ያኔ ገባኝ። አንቺ ግትር ሆነሽ አይደለም። ነው ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ የቢታ ገነቱን ልጅ ሳይ ውሸታም እልሽ ነበር።

አንድ ሰው ማወቅ አለበት። ዕጣ ተጥሎ መሃል ላይ አይተውም፤ በእኛ ዘንድ እንዲያ ያደረገ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም።

እመጣለሁ። ቀኑን ላኪልኝ። በስሙ ነገር አንድ መላ አስቤያለሁ፤ ለአስካለማርያም ነግሬያት ማልቀሷን ትታ አፍጥጣ አየችኝ። ለአንቺ አልነግርሽም። መምህሩም ይህን ሲጽፍ ጆሮው ቆሟል፤ ለእሱም አልነግረውም።

ገሠሠ፣ የአውራ ጣቱ ምልክት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 1 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ገሠሠ

የኮሚቴው ሰው ህይወት ትባላለች። ሰኞ ግንቦት 11 ቦንጋ ትጠብቅዎታለች። ጥብቅ ናት፤ ግን ሰው ትሰማለች።

መላውን አልጠይቅዎትም። አንድ ነገር ግን ይያዙልኝ፤ እዚያ ደርሰው ልብዎ እንቢ ካለ ልጅቱን ይዘው ይመለሱ። ፈቃድ መጀመሪያ ቀን ብቻ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ጥናቱ ቢቀር እኔ እንጂ እርስዎ አይጠየቁም።

ሙሉብርሃን


ሺሺንዳ አጠገብ፣ ግንቦት 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉብርሃን

ዛሬ ብዕሩን የያዘችው አስካለማርያም ናት፤ የዘነበች እናት። መምህሩ ለፈተና ሥራ ቦንጋ ወርዷል። እሷ እስከ ስምንተኛ ተምራለች። ጽሕፈቷ ከእሱ ያምራል ይላሉ፤ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሷ ክፋቱ እየጻፈች ትከራከራለች።

"ጥናቱ ተፈቅዷል፣ ጠርሙሱም ውሃ ገብቶበታል" የሚለው ደብዳቤሽ ደርሶናል። ተነቦ ሲያበቃ ወደ ጓሮ ሄጄ ቀፎ የማይ መስዬ ቆየሁ። "ውሳኔውን ነገሩኝ፤ እንዴት እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ህይወት 'አያትየውን ጠይቂ' ብላ ሳቀች" ብለሻል። እንግዲህ ስሚ።

ክፍሉ ውስጥ ህይወት አለች፤ ነርሷ አለች፤ እኔና ዘነበች አለን። አስካለማርያም ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ደፍና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ዘነበች ኪሷን ቆሎ ሞልታ ትቆረጥማለች፤ ተይ አትባልም።

"ጋሽ ገሠሠ፣ አሁን ስም እጠራለሁ። ልጅቱ ይህች ከሆነች አዎ ይበሉ" አለች ህይወት። ወረቀቷን አየች። ጠራች።

እዚህ ላይ አስካለማርያም ብዕሩን አስቀመጠች። ጻፊው አልኳት። "አባባ፣ እጄ እንቢ አለ" አለችኝ። ያን ቀን ከሆነው በኋላ የምትጽፊው የልጅሽን ስም አይደለም አልኳት። አሁን ትጽፈዋለች።

ናዝራዊት ብላ ጠራች።

"አቤት!" አልኩ።

ህይወት ቀና አለች። "የጠራሁት ልጅቱን ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን እርስዎ አቤት ይላሉ?"

"ያ ስም ከእሷ ላይ ወርዷል። ሜዳ ላይ ተጥሎ ስለቆየ ነው የሚያስፈራን፤ ስለዚህ እኔ አንስቼዋለሁ። ከእንግዲህ በዚያ ስም የሚመጣ ካለ ወደ እኔ ይምጣ። እኔ ልጅ ድሬያለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ እንነጋገራለን። ኅዳር ላይ በዚያ ስም ታቅፌ ያመጣኋት ልጅ ይህች ናት። ዛሬ ዘነበች ነው የምትባለው። ሁለቱንም ጻፊ። ጣቴ ይኸውልሽ።"

ወረቀቱን ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው። "እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም" አለች።

"ጠርዙ ባዶ ነው" አልኳት። ማንበብ ባልችልም ባዶ ቦታ አያለሁ። ጠርዙ ላይ ጻፈችው፤ ፈረምኩ።

ይህን ጊዜ ዘነበች እጅጌዬን ጎተተችኝ። "አያቴ፣ ናዝራዊት አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"የሴት ስም እኮ ነው!"

ሳቀች። አፏ በቆሎ እንደሞላ ሳቀችና ትን አላት። ሳለች። ሙሉብርሃን፣ በዚያ ክፍል ሁላችንም ደረቅን። ሳሉ አልቆም አለ። ህይወት ተነስታ ቆመች፤ እኔ ምን አደረግሁ አልኩ በሆዴ። ጆሮዋን የደፈነችው ሴትዮ በሩን በርግዳ ገባች፤ ከዚያ ሁሉ ጣት ሥር እንዴት እንደሰማች እሷ ታውቃለች። አሁን "እናት ነኝ" ብላ እየጻፈች ነው፤ እኔ አላልኩም። ነርሷ የልጅቱን ጀርባ መታ መታ አደረገችና ማዳመጫዋን ደረቷ ላይ አስቀምጣ አዳመጠች። እዚህ አዳመጠች፣ እዚያ አዳመጠች።

"ቆሎ ነው" አለች። "ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ቆሎ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።"

መጀመሪያ የሳቀችው አስካለማርያም ናት። ከዚያ ህይወት። ጥብቅ ናት ያልሽን ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች።

"አሁንስ አይፈሩም ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በር ሲንኳኳ አየት አደርግ ነበር። አሁን ዘነበች ስሙን መጫወቻ አድርጋዋለች። ምሳ ሲቀርብ በሩ ላይ ቆማ "ናዝራዊት፣ ነይ ብዪ!" እያለች ትጣራለች። አቤት እላለሁ። እስካሁን በዚያ ስም የመጣብኝ ምሳ ብቻ ነው።

መምህሩ ሲመለስ ነጭ ማር እልክልሻለሁ፤ መንገድ ላይ እንዳይቀምሰው አፉን አሽገዋለሁ፤ የማሩን ማለቴ ነው። የሁለቱን መንገድ ጉዳይ ስታውቂ ጻፊልኝ። ጠርሙሱ ሳይሆን ቀርቶ የተለመደው የሚሻል ከሆነም ጻፊልኝ፤ አልቀየምሽም። አላውቅም ማለትን ካንቺ ተምሬያለሁ፤ አወቅሁ ስትዪ ደግሞ ልስማሽ።

ይብቃ። አስካለማርያም፣ እስኪ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስሙ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ። ጥሪው፤ አቤት የሚል አለ።

ገሠሠ፣ የአውራ ጣቱ ምልክት